ደራሲ የሚጠየቅበት ገጽ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በሥነ ጽሑፍ ዓምዳችሁ ደራሲ ለአንባቢው ማኅበራዊ ኃላፊነት አለበት ወይስ የለበትም በሚል የተከፈተውን ክርክር እዚህ ጅማ ያለን አንባቢዎች በጥሞና እየተከታተልነው ነው። እስካሁን የጻፉት ሰዎች በሁለት ጎራ የተከፈሉ ይመስላል። አንደኛው ወገን ደራሲ መምህርም ሰባኪም አይደለም፣ ዕዳው ለጥበቡ ብቻ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ድርሰት ማስተማር አለበት፣ ክፉው ሳይቀጣ ደጉም ሳይካስ መጽሐፍ ማለቅ የለበትም ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ መጨረሻው ገጽ ነው። አንባቢ ግን ከልብ ወለድ ይዞት የሚሄደውን ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ከመሐል ነው። ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ በዙሪያው ያሉት ምን አደረጉ? የተጠለፈችው ልጅ አምልጣ ማን ዘንድ ሄደች? በሽተኛው መድኃኒቱን ምን አደረገው? እኔ የደራሲ ኃላፊነት የምለው እዚህ ላይ ነው። ክፉ ሰው አይጻፍ፣ ተስፋ የሌለው ታሪክ አይጻፍ አልልም። አንባቢ ነገ በእጁ ሊሠራው የሚችለው ነገር ሲጻፍ ግን ተጣርቶ ይጻፍ።

በሚጥል በሽታ ልጀምር። ገጸ ባሕርዩ ይወድቃል፤ ክብሪት ተጭሮ አፍንጫው ሥር ይያዛል፤ ሁለት ጎልማሶች እጅና እግሩን ይጨቁናሉ፤ ጥርሱ መሐል ማንኪያ ይገባል፤ ከዚያ ሰውየው ይነቃል። አንባቢ ይህን ሲያነብ ክብሪቱ አዳነው ብሎ ያምናል። እውነቱ አብዛኛው መንቀጥቀጥ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ የሚቆም መሆኑ ነው። ክብሪቱም የሚጫረው በዚያው ደቂቃ ስለሆነ ያልሠራበትን ምስጋና ይወስዳል። ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል፣ በኃይል መጨቆኑም ትከሻ ያወልቃል። ትክክለኛው እርዳታ ይህን ያህል አስቸጋሪ አይደለም፦ እሳትና ስለት ከአጠገቡ ማራቅ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ነጠላም ሆነ ጋቢ አጥፎ ማድረግ፣ መንቀጥቀጡ ሲበርድ በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም ነገር አለማስገባት፣ ሰዓት ማየት። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጀመረው ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ከክብሪቱ የከፋው ደግሞ ለሀጩ ያስተላልፋል የሚለው እምነት ነው። በዚህ እምነት የተነሳ ምድጃ ላይ የወደቀን ሰው የሚያነሳው ጠፍቶ የሚቃጠልበት ጊዜ አለ። ደራሲ ይህን እምነት ገጸ ባሕርዩ አፍ ውስጥ ሊያደርገው ይችላል፤ ሰዉ የሚያምነውን አትጻፍ ማለት አይቻልምና። ነገር ግን በዚያው ትዕይንት ውስጥ አንድ ሰው ይንካው። ለታሪኩም ቢሆን ክብሪት ፍለጋ ከሚራወጥ ሕዝብ ይልቅ የወንድሟን ራስ ይዛ የሰዓቷን ቆጣሪ የምታይ እህት የበለጠ ውጥረት ትፈጥራለች።

የመድኃኒቱም ነገር እንዲሁ ነው። ፌኖባርቢታል በአገራችን ለሚጥል በሽታ በብዛት የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ በየቀኑ ይወሰዳል፤ በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ከቀድሞው በርትቶ ይመለሳል፣ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። እንግዲህ ፍቅር ሲይዘው ኪኒኑን አዌቱ ወንዝ ውስጥ ወርውሮ በዚያው የሚድን ጀግና መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ያንን ምዕራፍ ከሚያነቡት መሐል ኪኒኑ ትራሱ ሥር ያለ ልጅ ይኖራል።

ስለ ኤች.አይ.ቪ. ብዙ አልልም። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በኢትዮጵያ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ ከዚያ በፊት የሚሆን ከሆነ ገጸ ባሕርዩ መሞቱ የዘመኑ እውነት ነው፣ ይጻፍ። በ2010ዎቹ የተቀመጠ ታሪክ ውስጥ ግን ሴትየዋ በተመረመረች በሦስተኛው ምዕራፍ መቀበሯ የደራሲው ስንፍና ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። በሽታውን ለኃጢአት ቅጣት አድርጎ የሚጽፍ ደራሲ ይህን አንድ እውነት ቢያስገባ ሴራው ሁሉ ይፈርስበታል፤ ይፍረስና እንደገና ይሥራው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ጠለፋ ነው። ቅርጹ የታወቀ ነው። ወንዱ ይወዳል፤ ልጅቷ እምቢ ትላለች፤ ይጠልፋታል፤ ታለቅሳለች፤ ሽማግሌ ይላካል፤ ካሳ ይከፈላል፤ ልጅ ይወለዳል፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱም ያንን ቀን እያነሱ ይስቃሉ። በኛ አካባቢ ገጠር ቡቲ የሚባለውን ይህን ነገር ሕጉ ራሱ ለረጅም ጊዜ አቅፎት ኖሯል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ተጠላፊዋን በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘጋው። አንቀጽ 587 ለማግባት ሲባል በኃይል የሚፈጸም ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። በኋላ መጋባታቸው ጠላፊውን ከተጠያቂነት አያድነውም፤ ደፍሯት ከሆነም ለዚያ ለብቻው ይጠየቃል። ስለዚህ በዛሬ ዘመን በተቀመጠ ልብ ወለድ ውስጥ ዳኛው ከተጋባችሁማ አለቀ ብሎ መዝገቡን ሲዘጋ፣ ደራሲው አንድም የተሻረ ሕግ እየጻፈ ነው፣ አንድም ሕግ የጣሰ ዳኛ እየጻፈ ነው። ሁለተኛው ትልቅ ታሪክ ይወጣዋል። ግን ዳኛው ሕግ መጣሱን ታሪኩ ራሱ ማወቅ አለበት፤ ቢያንስ አንድ ገጸ ባሕርይ፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊም ቢሆን፣ ይወቀው።

ደራሲዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ከጠለፋው በኋላ ያሉትን ሦስት ቀናት ነው። ምዕራፉ በጨለማ ያልቅና ቀጣዩ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ይጀምራል። በሕክምናው ዓይን ግን ሁሉ ነገር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ኤች.አይ.ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በዚያው ቀን መጀመር አለበት፤ ለ28 ቀናት ይወሰዳል። ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ እስከ አምስት ቀን ድረስ ሊሰጥ ይችላል፤ በዘገየ ቁጥር ግን ኃይሉ ይቀንሳል። ልብሷ ሳይታጠብ በወረቀት ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ለማስረጃ ይጠቅማል፤ በፌስታል የተቋጠረ እንደሆነ እርጥበቱ ማስረጃውን ያበላሸዋል። ካረገዘችም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 በመደፈር የመጣ እርግዝና በሕክምና ተቋም እንዲቋረጥ ይፈቅዳል፤ ቀጣዩ አንቀጽም ለዚህ የእርሷ ቃል በቂ መሆኑን ይደነግጋል። እንግዲህ በልብ ወለዱ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ነገሩ እስኪበርድ ሦስት ቀን ታገሡ ሲሉ ምን እየወሰዱባት እንደሆነ ይታያችሁ። ሦስት ቀን ማለት 72 ሰዓት ነው። ይህን የሚያውቅ ደራሲ ያንኑ የሽማግሌዎች ንግግር ሳይቀይር፣ አንዲት ሰዓት የምትቆጥር አክስት በር ላይ በማቆም ብቻ ትዕይንቱን ሌላ ያደርገዋል። ስብከትም አያስፈልገውም።

ራስን ስለ ማጥፋት ሲጻፍ ግን ጥንቃቄው ይገለበጣል፤ እዚህ ላይ ዝርዝር በበዛ ቁጥር ጉዳት ይበዛል። ልብ ወለድ ማንንም አልገደለም የሚሉ ወገኖች አንድ ነገር ይወቁልኝ። በ1981 እ.ኤ.አ. የምዕራብ ጀርመን ቴሌቪዥን የአንድ ተማሪ ራስን ማጥፋት የሚተርክ ባለ ስድስት ክፍል ድራማ አስተላለፈ፤ በቀጣዩ ዓመትም ደገመው። ተመራማሪዎች መዝገብ ሲያገላብጡ በተለይ በገጸ ባሕርዩ ዕድሜ ያሉ ወንዶች ድራማው ባሳየው በዚያው መንገድ የሞቱት ቁጥር በስርጭቱ ወቅት በግልጽ መጨመሩን አገኙ። አዘጋጆቹ ክፉ አስበው አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት ለጋዜጠኞች፣ በኋላም ለፊልምና ለድራማ ሠሪዎች ያወጣው ምክር ከዚህ ዓይነቱ ማስረጃ የተቀዳ ነው። ለልብ ወለድ ጸሐፊ ሲተረጎም እንዲህ ይሆናል፦ የተወሰደው ነገር ስሙም መጠኑም አይጻፍ፤ የተሰናባቹ ደብዳቤ በሙሉ አይቅረብ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሞቱ በሕይወት ያልተገኘውን ነገር እንዲያስገኝ አይደረግ። እምቢ ያለው አባት በቀብሩ ላይ ተንበርክኮ ይቅርታ የሚጠይቅበት፣ የከዳችው ልጅ ዕድሜዋን ሁሉ የምትጸጸትበት ምዕራፍ ለተከፋ የ16 ዓመት አንባቢ ምን እንደሚነግረው ለመረዳት የሥነ አእምሮ ሐኪም መሆን አያሻም። ታሪኩ ሞቱን የሚፈልገው ከሆነ የቀሩትን ሰዎች ጻፉ፤ ጥያቄው መልስ ሳያገኝ የሚኖሩትን። በዚያው መጽሐፍ ውስጥም ተመሳሳይ ሐሳብ መጥቶበት ለሌላ ሰው በመናገሩ ያለፈ አንድ ሰው ይኑር። ታሪኩ ጅማ ላይ ከሆነ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል መኖሩን ገጸ ባሕርዩ ቢያውቅ ምን ይጎድላል?

መልካም ሐሳብ ብቻውን እንደማይበቃ ከሌሎች አገሮችም መማር ይቻላል። ሕንድ ውስጥ በ1984 እ.ኤ.አ. በተጀመረ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ አዘጋጆቹ ሁሉን ችላ የምትኖር እናት አስገቡ፤ ዓላማቸው ሴቶች እንደ እርሷ እንዳይሆኑ ማስጠንቀቅ ነበር። ብዙ ተመልካቾች ግን አርአያችን እርሷ ናት አሉ። የሜክሲኮው ሚጌል ሳቢዶ በቴሌቪዥን ድራማዎቹ የደረሰበት መፍትሔ ሦስት ዓይነት ሰው መፍጠር ነው፦ በጎውን የሚሠራ፣ መጥፎውን የሚሠራ፣ በመሐል የሚወላውል። ተመልካች የሚከተለው ወላዋዩን ነው፤ ራሱን የሚያየው እርሱ ውስጥ ነውና። በእኛም አገር ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ በአማርኛ የተላለፈው ‹የቀን ቅኝት› እና በአፋን ኦሮሞ የተላለፈው ‹ዲምቢባ› በዚሁ ዘዴ የተሠሩ ነበሩ። ልብ ወለድ ሁሉ እንዲህ ይሠራ አልልም፤ በዘዴ የተቀመረ ድራማና አንድ ሰው ብቻውን የሚጽፈው ልብ ወለድ ልዩነት አላቸው። ነገር ግን ጻድቅ ገጸ ባሕርይ በማስገባቱ ኃላፊነቱን የተወጣ የሚመስለው ደራሲ የወላዋዩን ነገር ያስብበት።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ጅማ ላይ የአማርኛ ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው እቤቱ አፋን ኦሮሞ፣ ዳውሮኛ፣ ካፍኛ ወይም የምኛ ሊናገር ይችላል። መጽሐፉን ሲገልጥ እንደ እርሱ ያለ ሰው የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ዘበኛ ወይም ሠራተኛ ሆኖ፣ ጾታና ግሥ እያምታታ ሲናገርና ሲሳቅበት ነው። ስህተቱ የሚሠራው በቴክኒክ ላይ ነውና የሚታረመውም በቴክኒክ ነው። ሰውየው በራሱ ቋንቋ ሲያስብና ከቤተሰቡ ጋር ሲነጋገር ንግግሩ በሙሉ፣ በጠራ አማርኛ ይጻፍ፤ በራሱ ቋንቋ አይንተባተብምና። አማርኛ ሲናገር ዘዬውን ለማሳየት በትዕይንቱ መጀመሪያ አንድ ሁለት ምልክት ይበቃል፤ በየመስመሩ መደጋገም መሳለቂያ ማድረግ ነው። አዲስ አበቤው ጅማ መጥቶ አፋን ኦሮሞ ሲሰባብርም በዚያው መጠን ይጻፍ። የጅማ ሽማግሌ ሁሉ አባ ጂፋር አይባልም፤ አባ ጎሞልም፣ አባ መጋልም፣ ሌሎች የፈረስ ስሞችም አሉ። ቡና በየካቲትና በመጋቢት፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ያብባል፣ አበባውም በጥቂት ቀናት ይረግፋል፤ ቀይ ፍሬ የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ የሚያደርግ ልብ ወለድ አንባቢን ያስቃል እንጂ አይጎዳም፤ ደራሲው አገሩን ሳያይ እንደጻፈ ግን ያሳብቃል።

የታሪክ ልብ ወለድ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። የጅሬኑን ቤተ መንግሥት፣ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የነገሡትን የጅማውን ንጉሥ የዳግማዊ አባ ጂፋርን ብልሃት የሚተርክ ሰው የጅማውን የሂርማታን ገበያም ይጻፈው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ገበያ ከቡናው፣ ከዝባዱና ከዝሆን ጥርሱ ጋር ሰው ይሸጥ ነበር። የተሸጡት ሰዎች ከየአካባቢው ሕዝብ የተወሰዱ ናቸው፤ ወገኖቻቸው ዛሬም ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ መጽሐፉንም ያነቡታል። ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩንና ቆዳ ፋቂውን ቡዳ እያደረጉ መጻፍም እንዲሁ ነው። አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ደራሲ አስፈሪ ሰው ሲያምረው ወናፍ የሚነፋውን ሰው የሚጠራ ከሆነ በጣም ያሳዝናል።

ይህን ሁሉ ስል ሳንሱር ይመለስ የሚል ሰው እንዳይጠቀምበት እፈራለሁ። ኃላፊነት የሚለውን ቃል መንግሥታት በደራሲ ላይ እንዴት እንዳነሡት እናውቃለን። የአቤ ጉበኛ ‹አልወለድም› በንጉሡ ዘመን ታግዷል። የበዓሉ ግርማ ‹ኦሮማይ› በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት የሚደረገው ቅድመ ምርመራ በሕግ የቀረው በፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34/1985 ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 አጽንቶታል። ሳንሱር ስለ ክብሪቱም ስለ 72 ሰዓቱም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ባለሥልጣኑ ተነክቷል ወይ ብሎ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ስሙ ጠፋ የሚል ከሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2044 አለለት፤ ፍርድ ቤት ይሂድ። በነገራችን ላይ በመጽሐፍ መግቢያ ላይ የሚታተመው ‹ስሞቹ ሁሉ ምናባዊ ናቸው› የሚለው አረፍተ ነገር ሰውየው በሥራው፣ በሰፈሩና በልጆቹ ቁጥር እስከታወቀ ድረስ ደራሲውን አያድነውም።

ታዲያ ማን ያጣራ? አብዛኛው ደራሲያችን በራሱ ገንዘብ የሚያሳትም ነው፤ አርታኢ የሚቀጥርበት አቅም የለውም። ማጣራቱ ግን ገንዘብ ብዙ አይፈልግም። ረቂቁ አንድ ወር ከተቀመጠ በኋላ በእርሳስ እየተነበበ አንባቢ ሊሠራው በሚችለው ነገር ሁሉ ዳር ላይ ምልክት ይደረግ፦ መድኃኒት፣ ጉዳት፣ ሕግ፣ ወሊድ፣ መርዝ፣ የአንድ ማኅበረሰብ ሥርዓት። በ250 ገጽ መጽሐፍ ውስጥ ምልክት የሚያርፍባቸው ገጾች ከ20 እምብዛም አይበልጡም። ለነርሷ የእርሷን ሦስት ገጽ ብቻ ስጡ፤ ለሕግ ባለሙያውም የእርሱን። መጽሐፉን በሙሉ የተቀበለ ሰው ወይ አያነበውም ወይ ጥሩ ነው ብሎ ይመልሰዋል። ጥያቄውም እንዴት ነው መሆን የለበትም። እዚህ ቦታ ብትሆኚ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ? ፈጽሞ የማታደርጊውስ የትኛውን ነው? ይህን ያየ ሰው ነገ ምን ይሠራል? ለባለሙያው ሁለት ሳምንት ይሰጠው። ሲመልስ እውነታውን ውሰዱ፣ ቃላቱን ተዉ፤ ባለሙያ ምልልስ ሲያርም ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ እንደ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ጽሑፍ መናገር ይጀምራሉና። ስለ አንድ ማኅበረሰብ ሲጻፍ ደግሞ ሁለት አንባቢ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሽማግሌ፣ ሌላዋ ወጣት ሴት ብትሆን ደግ ነው። ሁለቱ ሳይስማሙ የሚቀሩበት ነጥብ ብዙውን ጊዜ የታሪኩ ዋና ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

ዛሬ ደግሞ መጽሐፍ በሙሉ አይነበብም። ትረካው በሬዲዮ በየሳምንቱ ይቆረሳል፣ በቴሌግራም አሥር ደቂቃ ሆኖ ይላካል። በገጽ 40 ላይ የተዘራውን ስህተት በገጽ 230 አርሜዋለሁ የሚል ደራሲ ገጽ 40ን ብቻ የሰማውን ሰው አያገኘውም። ለትረካ የሚሰጥ ታሪክ ከሆነ እርማቱ በዚያው ክፍል ውስጥ፣ ቢዘገይ በቀጣዩ ይግባ።

እናንተም በየሳምንቱ አጭር ልብ ወለድ ታትማላችሁና ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የሕክምና ወይም የሕግ ትዕይንት ያለበት ጽሑፍ ሲደርሳችሁ ከመታተሙ በፊት የጤና ዓምዳችሁን የምታዘጋጀው ባልደረባችሁ ወይም የሕግ አማካሪያችሁ እነዚያን አንቀጾች ብቻ ይዩአቸው፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ስህተት ከታተመ በኋላ ሲታወቅ ደግሞ ማረሚያው በዚያው በልብ ወለዱ ገጽ ላይ፣ ታሪኩ በወጣበት መጠን ፊደል ይውጣ። በውስጥ ገጽ ጥግ በደቃቅ ፊደል የሚወጣ ማረሚያ ልብ ወለዱን ያነበበው ሰው ዘንድ አይደርስም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የረቂቅ አርታኢ
ጅማ